ለማዕረግ ያልተበገረው ማሽን

አቶ ዓለምሰገድ ማዕረጋቸው ሳይጠራ ሰላምታ እንኳ የማይቀበሉ ዋና ዳይሬክተር ነበሩ። አንድ ቀን የመሥሪያ ቤታቸው የኮምፒውተር ኔትወርክ ባለሙያ አዳዲስ ሠራተኞችን አዳራሽ ሰብስባ፣ «መልእክት ፓኬት በሚባል ፖስታ ውስጥ፣ ፓኬቱም ፍሬም በሚባል ሌላ ፖስታ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሄዳል። ፍሬሙ ላይ የውስጡን ዓይነት የሚናገር ቁጥር አለ፤ ተቀባዩ ማሽን ቁጥሩን ካላወቀው ይጥለዋል» ስትል ሰሟት።

«እኔ በቁጥር አልጠራም!» ብለው ጮኹ። «እኔ በምልከው መልእክት ፍሬም ላይ በቁጥሩ ፋንታ ‹ክቡር ዋና ዳይሬክተር› ተብሎ ይጻፍ! አለዚያ ከነገ ጀምሮ ሥራ የለሽም!»

ባለሙያዋ እጅ ነሳችና፣ «እጽፋለሁ፣ ክቡርነትዎ። ችግሩ ማሽኑ እንደ እኛ ደመወዝተኛ አይደለም፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያውቅ ለማዕረግ ብሎ አይቀበልም» አለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ዳይሬክተሩም ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ አብረው ሳቁ።