የሊና ዕቁብ

በአንድ ወቅት፣ ባቡሩ በደቂቃው በሚነሳበት፣ ፀሐይዋ ግን ቀጠሮ በማታከብርበት አንድ የሰሜን አገር፣ ሙሉሸዋ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። ሥራዋ ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠብ ነው። እዚያ አገር እንደገባች ቋንቋው አልያዝ ብሏት፣ ያን ክረምት በስሟ የሚጠራት ሰው እንኳ አልነበረም። አንድ ቀን ታዲያ ባቡር ጣቢያ ካለው ኪዮስክ በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ኮሚክ የሚሉትን ገዛች። ሊና የምትባል ጀልባ ቀዛፊ ባሕር የወሰደባትን ወንድሟን ትፈልጋለች፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ቃሉ ያልገባትን ሥዕሉ ያስረዳታል። ሙሉሸዋ ቋንቋውን ከሊና ተማረች፤ ገበያ ወጥታ ድንች ስትጠይቅ እንደ መርከበኛ ትናገራለች እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ዕትም አላመለጣትም።

ኋላ ላይ ሦስት ያገሯን ልጆች አገኘች፤ ባቡር የሚያጸዳውን ደርበውን፣ አረጋውያን የምትንከባከበውን ትብለጥን፣ እሷው ሆስፒታል ልብስ የሚተኩሰውን ገረመውን። የሊናን ልክፍት ለሦስቱም አጋባችባቸው። መጽሐፉ በወር በወር ይወጣል። ለየራሳቸው መግዛት አቅቷቸው ሳይሆን፣ ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል ብለው ዕቁብ ገቡ። በወር አንድ ዕትም ይገዛል፤ ዕጣ የወጣለት መጀመሪያ ያነበዋል፤ ሌሎቹ በተራ አንብበው ሲጨርሱ ለባለዕጣው ይቀራል። ባለዕጣው ሳይፈቅድ ግን ማንም አይገልጠውም። የዕቁቡ ዳኛ ሙሉሸዋ ናት።

ከዕለታት አንድ ቀን ሠዓሊው ማርጀቱና የሚቀጥለው ዕትም የመጨረሻው መሆኑ ተሰማ። በዚያው ሰሞን የሙሉሸዋ ቀኝ ዐይን ታመመ። ግራው ከልጅነቷ ጀምሮ አያይም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል፣ ከዚያ በኋላ ታዪ አታዪ እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም አላት። ለሰው መናገር አፈረች እንጂ፣ ከጨለማው ይልቅ ያስፈራት የሊናን መጨረሻ ሳታይ መቅረቷ ነበር።

በዕቁቡ ደርበው ዕድለ ቢስ ነው፤ በየዙሩ ዕጣው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ዘንድሮ ግን መጨረሻነቱ ጠቀመውና ያ የሚጓጉለት ዕትም የእሱ ሆነ። ደስታውን ሁለት ቀን እንኳ ሳያጣጥም ሙሉሸዋ ቤት መጣና፣ «እትዬ፣ ለዐይንሽ ብዬ ዕጣዬን ለቅቄልሻለሁ» አላት። እሷ አይሆንም ብትልም አልሰማትም።

መጽሐፉ በወጣበት ቀን ሙሉሸዋ ዐይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ሆስፒታል ተኝታለች። የከተማው ኪዮስኮች በሙሉ ገና በጠዋቱ ሸጠው ጨርሰዋል። ትብለጥ ከሥራዋ ቀርታ ባቡር ያዘች። በየጣቢያው እየወረደች፣ እየጠየቀች፣ ሰባተኛው ከተማ ላይ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ለራሳቸው ያስቀመጡትን ለምና ተቀበለች። አራት ሰዓት ሙሉ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትመለስ ሽፋኑን እያየች ተቃጠለች እንጂ አልገለጠችውም። በማግስቱ አሠሪዋ ሁለተኛ ከቀረሽ እንዳትመለሺ አሏት።

ደርበውና ትብለጥ ሥራ ላይ ስለነበሩ፣ ማንበቡ ለገረመው ወደቀ። ገረመው ሦስት ቃል ለመናገር ሁለት ቀን የሚያስብ ሰው ነው። ባለዕጣዋ ግለጠው ስላለችው ገለጠ። የባሕሩን ቀለም፣ የወፎቹን ቁጥር፣ የሊናን እጅ መሰነጣጠቅ ሳይቀር አንድ በአንድ ነገራት። መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ዝም አለ።

«ምነው?» አለችው።

«ሊና ደሴቱ ላይ ደርሳለች» አለ። «ወንድሟ ዳርቻው ላይ እጁን አንስቶ ቆሟል። ሸብቷል፤ ግን እሱ ነው።»

ሐኪሙ ማልቀስ ከልክሏት ነበር፤ ሙሉሸዋ ግን በፋሻው ሥር አለቀሰች። የዚያን ዕለት ስለ ዐይኗ ሳትጨነቅ እንቅልፍ ወሰዳት።

በአሥረኛው ቀን ፋሻው ሲፈታ ዐይኗ አየ። ከሁሉ በፊት መጽሐፉን አምጡልኝ አለችና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። ባዶ ዳርቻ አለ። አሸዋው ላይ የሊና ወንድም ስም የተቀረጸበት ስባሪ መቅዘፊያ ተተክሏል። ሊና ጀልባዋን አዙራ እየተመለሰች ነው። ሌላ ሰው የለም።

ሙሉሸዋ ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ነገር ገረመው ማን ነውና ይለውጥባታል? ቆየት ብላ ግን ያን ዕለት እንዴት እንደተኛች አስታወሰች። ዐይኗ ባይመለስ ኖሮ ዕድሜ ልኳን ያንን የሸበተ ሰው እያየች ትኖር ነበር። ልቧ ራራ፤ ንዴቱም ጨርሶ አልወጣላትም። ለማንም ሳትናገር ቀረች።

እሑድ ዕለት አራቱም እሷ ቤት ተሰበሰቡ። ሙሉሸዋ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና፣ ዕጣው የተለቀቀላት ለዐይኗ ተብሎ እንደሆነ፣ ዐይኗ ከዳነ ደግሞ ይዛ ማስቀረቷ ነውር እንደሆነ ነገረቻቸው። ደርበውና ትብለጥ ገና አላነበቡትም።

«እንግዲያው ዕጣው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል» አለ ደርበው።

«ዕጣ ወረቀት ናት» አለች ትብለጥ። «እኔ ባልሄድ ኖሮ ስለ ምኑ እንነጋገር ነበር?»

ገረመው ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ ሙሉሸዋን ቀና ብሎ ሳያይ፣ «ለእኔ ይሁን» አለ። «ለእነሱም እኔው አነብላቸዋለሁ።»

ሙሉሸዋ መጽሐፉን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችውና በዳነው ዐይኗ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው። ዳኛ ናትና ፍርዷን ይጠብቃሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ ያ መጽሐፍ የሚገባው ለማን ነው? ዕጣውን ለዐይኗ ብሎ ለለቀቀው፣ ሳትገልጥ ተሸክማ ላመጣችው፣ ወይስ መጽሐፉ ውስጥ የሌለውን ላነበበላት?