ኮምፒውተሩን ያቀዘቀዘው ወንበር

ተረት ተረት! «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ የእኔ ተረት ላም የለበትም። ያለበት አንድ ግትር ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ድሬዳዋ፣ ያውም በሚያዝያ ሙቀት።

ትርሲት ሠርግ እየቀረጸች የምታድር ልጅ ናት። ባለፈው እሑድ የቤዛዊትን ሠርግ ቀረጸች። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ደምመላሽ ግን እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ነበርና አንዲት ልጃቸው ስትዳር ሳያዩ ቀሩ። ዛሬ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ማታ ደግሞ መልስ ነው። «ቪዲዮውን ካሳየሽኝ እንደ ዳርኳት እቆጥረዋለሁ» ብለዋታል። የትርሲትም ምኞት ይቺው ናት፤ ቪዲዮውን ጨርሳ ለእኚህ አባት ማሳየት። ኮምፒውተሩ ግን ትንሽ ይሠራና ድርግም!

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ጭንቅላቴ እየነደደ አልሠራም!» አለ ኮምፒውተሩ።

ፈታታችው። ጭንቅላቱ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ብረት፣ «ሙቀቱን ሳብለት እንጂ!» ብላ ተቆጣችው።

«በምን ሆዴ?» አለ ብረቱ። «ሆዴ ጎርባጣ ነው፤ እዚህ ስነካው እዚያ እስተዋለሁ። ካልለሰለስኩ አልስብም!»

ብረቱ ሙቀቱን አልስብ አለ፤ ኮምፒውተሩ አልሠራ አለ። ትርሲት ብርጭቆ ወረቀት አመጣች፤ «ይኼን ብረት አለስልስልኝ።»

«እጅሽ ላይ ይዘሽ ብታሺኝ ጠርዙን በልቼ መሃሉን እተወዋለሁ። ዝርግ መስታወት ላይ ካልተኛሁ አልፍቅም!» አለ ወረቀቱ። እሱም ኩራት አለው እኮ!

እንግዲህ ወረቀቱ ብረቱን አልፍቅ አለ፤ ብረቱ ሙቀቱን አልስብ አለ፤ ኮምፒውተሩ አልሠራ አለ፤ ፀሐይዋም ማዘንበል ጀመረች።

ሰፈሩ ውስጥ ወፍራም ዝርግ መስታወት ያላቸው አዴ ሙና ናቸው፤ ሳምቡሳቸውን ከዝንብ ይከድኑበታል።

«አዴ ሙና፣ መስታወትዎን ያውሱኝ።»

«አቦ፣ አብደሻል እንዴ? ሳምቡሳዬን ዝንብ ይውረሰው? ንጹሕ ነጭ ሻሽ አምጥተሽ ካልከደንሽልኝ አልሰጥም!»

አዴ ሙና መስታወቱን አልሰጥ አሉ፤ ወረቀቱ ብረቱን አልፍቅ አለ፤ ብረቱ ሙቀቱን አልስብ አለ፤ ኮምፒውተሩ አልሠራ አለ። ትርሲት ወደ ሙሽራዋ ቤት ሮጠች።

እዚያ ዲኮር ሠሪዋ ናርዶስ ድንኳኑንም ወንበሩንም ነጭ ሻሽ አልብሳ ጨርሳለች። ሁሉም ተሰፍቷል፤ ሳይሰፋ እንዲያው የታሰረው የትልቁ ወንበር ሻሽ ብቻ ነው።

«ናርዲዬ፣ ይቺን ፍቺልኝ።»

«አልፈታም! የአባትየው ወንበር ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ ማን ደፍሮ ይነካዋል?»

«ማነው አልፈታም የሚለው?» አለ ድምፅ ከኋላ። ጋሽ ደምመላሽ ናቸው፤ ክራንች ተደግፈው። የቤቱ ሰው «እንዳይደነግጡ» ብሎ የኮምፒውተሩን መበላሸት ሸሽጓቸው ነበር። ትርሲት ግን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችው፤

«ጋሼ፣ ናርዲ ሻሹን አልፈታ አለች፤ አዴ ሙና መስታወቱን አልሰጥ አሉ፤ ወረቀቱ ብረቱን አልፍቅ አለ፤ ብረቱ ሙቀቱን አልስብ አለ፤ ኮምፒውተሩ አልሠራ አለ፤ እኔም ልጅዎን ላሳይዎ አልቻልኩም!»

ጋሽ ደምመላሽ መሬቱን በክራንቻቸው መቱ። «የናፈቀችኝ ልጄ ናት እንጂ ሻሽ ነው እንዴ? ፍቺው!»

ይኼኔ ናርዶስ ሻሹን ፈታች፤ ሻሹ ሳምቡሳውን ከደነ፤ አዴ ሙና መስታወቱን ሰጡ፤ መስታወቱ ወረቀቱን ተሸከመ። ትርሲት ውኃ ጠብ እያደረገች ብረቱን ወረቀቱ ላይ አመላለሰችው፣ አመላለሰችው፣ በመጨረሻ የገዛ ፊቷን ላቧ ሳይቀር ብረቱ ላይ አየችው። ሙቀት የሚያሻግረውን ቅባት ቀብታ፣ «በል እንግዲህ!» ብላ ገጠመችው። ብረቱ ሙቀቱን ምጥጥ አደረገ፤ ኮምፒውተሩም ድርግም ማለቱን ረስቶ እስከ መጨረሻው ሠራ!

ማታ ድንኳኑ ውስጥ ቪዲዮው በራ። ቤዛዊት በቬሎ ስትገባ እልልታው ቀለጠ። እዚያው ቪዲዮው ላይ ከእናትየው አጠገብ በሻሽ ያጌጠ አንድ ወንበር ባዶውን ይታያል። ጋሽ ደምመላሽ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከዚያ የተቀመጡበትን ራቁት ወንበር መታ መታ አድርገው ከት ብለው ሳቁ።

«ያን ቀን ወንበሬ ለብሶ እኔ አልነበርኩም፤ ዛሬ እኔ አለሁ፣ ወንበሬ ይራቆት!»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በአዴ ሙና ሳምቡሳ አብሱ።