ከሥዕሉ ሥር ያለችው መብራት

አንድ ሹፌር ነበር፤ ስሙ ወንድይፍራው። እሱ ግን የሚፈራው አንዲት ጥፍር የማታህል ቀይ መብራት ነበር።

መብራቷ የምትበራው በአሮጌ የቤት መኪናው ዳሽቦርድ ላይ ነው፤ የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲወርድ። በመጀመሪያው ቀን መኪናዋ ቆማ ሞተሩ እየሠራ ሳለ ብልጭ አለችና ነዳጅ ሲሰጥ ጠፋች። ልቡ ድንግጥ አለ። ሚስቱ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። በመንደሩ ከዚያች መኪና ሌላ የሚያደርሳት የለም።

ኮፈኑን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየ። ዘይቱ ሙሉ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሹፌር ጓደኞቹ አጽናኑት፤ አንዱ መብራቷ ናት የምትዋሸው አለው፣ ሌላው ወፍራም ዘይት አድርግባት አለው። ወፍራም ዘይት ቀየረላት። መብራቷ ሦስት ቀን ጠፍታ በአራተኛው ተመለሰች።

ጎረቤቱ ጋሽ ሙሔ ዕድሜያቸውን ከመኪና ሥር ተኝተው የጨረሱ መካኒክ ናቸው። መኪናዋ በደጃቸው ስታልፍ ድምጿን ሰምተው አስቆሙት፤ እሱም ስለ መብራቷ ነገራቸው። ዘይት መሙላቱና ዘይት መድረሱ ለየቅል ነው አሉት። መብራቷን የምታበራውን ማብሪያ ፈትተን በቦታዋ የግፊት መለኪያ ጌጅ እንሰር፤ ጌጁ ግፊቱ ደህና ነው ካለ ማብሪያዋን ቀይረን እንስቃለን፤ ጌጁም ከወረደ ከሥር ከፍተን ዘይቱ የሚሳብበትን ወንፊት እናያለን አሉት።

«ከፍተው ቢብስባትስ ጋሼ?»

«ከባሰባት ደጅህ ላይ ቆመህ ብታውቀው ይሻልሃል፤ ዳገት ላይ ከምታውቀው።»

ትርንጎ በሰላም ትገላገልና መኪናዋን አመጣታለሁ ብሎ ሄደ። ሹፌሮች የሚሄድ ሞተር አይነካም ይላሉ፤ ይህ አባባል ስንቱን መንገድ ላይ እንዳስቀረ እግዜር ይቁጠረው። ሞተሩ ከተከፈተ «አልቆለታል» እንዳይሉት ፈራ። በዚያው ዕለት መስተዋቱ ላይ የለጠፈውን የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል አንስቶ በቀይዋ መብራት ላይ ለጠፈው። ጠባቂውን መጋረጃ አደረገው።

ከዚያ በኋላ መብራቷን አላየም፤ ፍርሃቱ ግን ባሰበት። እህል አልወርድለት አለ። ሲነዳ ጆሮው ሁልጊዜ ሞተሩ ላይ ነው። ትርንጎ ምን ሆነሃል ስትለው ምንም ይላታል። ጋሽ ሙሔን እንዳያገኝ ብሎም በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ።

ምጡ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ዳገቱን ሲያጋምሱ ከሞተሩ ውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወንድይፍራው ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ድምፁ ጨመረ፤ እሱም ሬዲዮውን ጨመረ። ከዚያ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለ፣ መኪናዋም የመንገዱን ጥግ ይዛ ቆመች። ቁልፉን ቢያዞር፣ ደግሞ ቢያዞር፣ እንቢ።

ትርንጎ በሥዕሉ ጠርዝ ዙሪያ ቀይ ብርሃን አየች። እጇን ዘርግታ ሥዕሉን ላጠችው።

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

«አውቅ ነበር።»

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ሽንኩርት የጫነ መኪና ደረሰና አነሳቸው። ትርንጎ ተረፈች። ልጁ አልተረፈም። ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ብሎ ጀመረና ፊታቸውን አይቶ ተወው።

ከሳምንታት በኋላ ጋሽ ሙሔ መኪናዋን አስጎትተው ከሥር ከፈቷት። ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል። በጣታቸው ጠርገው መዳፋቸው ላይ አሳዩት፤ አንድ ጉርሻ አይሞላም።

«ይኼ ብቻ ነበር?» አለ ወንድይፍራው።

«ደጄ ላይ ያስቆምኩህ ቀን ይኼ ብቻ ነበር» አሉት። «ከቁርስ እስከ ምሳ የሚያልቅ ሥራ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደግሞ ይህን ልጨምር። መፍራት ነውር አይደለም፤ ያቺ መብራትም የተሠራችው እንድታስፈራ ነው። ፍርሃት ወደ መካኒኩ ደጅ ከወሰደን ያድነናል። የፈራነውን እንድንሸፍን ካደረገን ግን እኛን ብቻ ይዞ አይጠፋም፤ አምኖን አብሮን የተሳፈረ ሰው አለ።

እርስዎስ ሥዕሉን የለጠፉት በየትኛዋ መብራት ላይ ነው? አጠገብዎ የተቀመጠው ሰውስ ያውቃል?