ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡት ሽማግሌ

ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዳምጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸው ጋሽ ይመኑ ይባላል። በሚኖሩበት ሰፈር ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲኳረፉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በአጥር ሲጋጭ "እስቲ ጋሽ ይመኑ ጋ እንሂድ" ይባላል። እሳቸውም ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ምርኩዛቸው ላይ ደርበው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሰዉ "አያችሁ፣ ፊት አይተው አያዳሉም፤ ቃሉን ብቻ ነው የሚመዝኑት" እያለ ያደንቃቸዋል።

እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ነበሩ። ጋሽ ይመኑ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት እንቅልፍ እያሸነፋቸው ነበር።

ሌሊት ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቆማል። ያንኮራፋሉ፣ ድንገት ጸጥ ይላሉ፣ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር ስበው ይባንናሉ። ይህ በአንድ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም እሳቸው አያውቁትም። የሚያውቁት ጠዋት ራሳቸው እንደሚከብድ፣ አፋቸው እንደሚደርቅ፣ እግራቸው የሌላ ሰው እግር እንደሚመስላቸው ነው። ቁርስ ላይ ዳቦ በእጃቸው እንደያዙ ያንቀላፋሉ። ታክሲ ውስጥ መውረጃቸውን ያልፋሉ። ከሥራ የመጣ ድካም ሲያርፉ ይለቃል፤ የሳቸው ግን ባረፉ ቁጥር ይብሳል።

ሴት ልጃቸው ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። ሐኪሙ "ሲተኙ ጉሮሮዎ እየተዘጋ ነው" አላቸውና አንድ ትንሽ መሣሪያ አዘዘላቸው። መሣሪያው በቱቦ አየር ይገፋል፤ ቱቦው አፍንጫ ላይ ከሚታሰር ጭንብል ጋር ይገናኛል። ጋሽ ይመኑ ለሁለት ሳምንት አድርገውት ተኙ። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፣ የተሰበረ ወንበር ጠገኑ፣ የመጣውን አቤቱታ ሁሉ ዓይናቸውን ገልጠው ሰሙ። ወይዘሮ የሺመቤትም "ከስንት ዓመት በኋላ እኔም ተኛሁ" አሉ።

አንድ ማለዳ ግን አንዲት ጎረቤት ምክር ፈልጋ መጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ ይመኑ ጭንብሉ ፊታቸው ላይ እንዳለ ተኝተው አየቻቸውና ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች። ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ሁሉ "ጋሽ ይመኑ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል" ይል ጀመር። በዚያ ሰፈር ደግሞ ኦክስጅን ተደርጎለት የዳነ ሰው አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ ሰው ብርቱካንና ለስላሳ አንጠልጥሎ ሊጠይቃቸው መጣ። እሳቸው ግቢ ውስጥ አጥር ላይ ሚስማር ይመታሉ።

"ጋሼ! ተነሡ እንዴ?"

"ከየት ነው የምነሣው?"

"ኧረ ይረፉ በእናትዎ! መዶሻውን ያምጡት፣ እኔ ልምታልዎ።"

አንዷ ጠያቂ ጥግ ይዛ እንባዋን ጠረገች። አብረዋቸው የሚሸመግሉት ጋሽ ዋለልኝ ጠጋ አሉና "ለጊዜው አንተ አረፍ በል ወንድሜ፤ እስኪሻልህ ሽምግልናውን እኔ እመራዋለሁ" አሏቸው። በእሑዱ የዕድር ስብሰባ ደግሞ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከኋላ ሆኖ ጮኸ፦

"ጋሽ ይመኑ፣ ፓይለት ሆኑ አሉ! አውሮፕላኑ በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን መሣሪያውን በቦርሳው አሽገው አልጋ ሥር ገፉት።

"ምን ማድረግህ ነው?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት።

"በቃኝ የሺ። ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጡልኝ።"

"እነሱ ይሳቁ። ትንፋሽህ ሲቆም እስኪመለስ ድረስ ጨለማ ውስጥ የምቆጥረው ግን እኔ ነኝ።"

ጋሽ ይመኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ።

ድካሙ ተመለሰ፤ ዓይን መጨፈኑም ተመለሰ። ሰፈሩም "ተመስገን፣ ጋሽ ይመኑ ዳኑ" አለ።

በዚያ ሰሞን አዳሙ የሚባል የመጋዘን ሠራተኛና ባለቤቱ ትርንጎ ለሽምግልና ቀረቡ። የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። ትርንጎ በሰፈሩ በጨዋነቷ ትታወቃለች፤ "ከቤቷ አትወጣም" ይባልላታል። አዳሙ ብዙ ተናገረ፦ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ አታናግረውም፣ ፊቷ አይፈታም። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማች። በመጨረሻ "ለጋሽ ይመኑ ብቻ ልናገር" አለች። ሽማግሌ አንዱን ወገን ለብቻው ማነጋገሩ የተለመደ ስለሆነ ሌሎቹ ተነሥተው ወጡ።

"ጋሼ፣ ይሄን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም" ብላ ጀመረች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። ከምሳ በኋላ ነው፤ ክፍሉ ይሞቃል። ጋሽ ይመኑ አንድ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጥለው የሰሙት "እንግዲህ ይኸው ነው ጋሼ" የሚለውን ነው። ዓይናቸውን ሲገልጡ ትርንጎ እያለቀሰች ነበር። ከመጀመሪያው ቃሏ እስከ መጨረሻው ያለውን አንዱንም አልሰሙም።

"ድገሚልኝ" ሊሉ ከንፈራቸውን አላቀቁ። ሳቁ ትዝ አላቸው። በር ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ትዝ አሏቸው።

"ሰምተውኛል አይደል?" አለች።

"ሰምቼሻለሁ ልጄ።"

ምንም ስለማያውቁ ለሁሉም የሚሉትን አሉ። አዳሙን ቁጣህን ቀንስ፣ ትርንጎን ቻል አድርጊው፣ ሁለታችሁንም ወደ ቤታችሁ ግቡ አሉ። ትርንጎ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ባሏን ተከትላ ሄደች።

ጋሽ ይመኑ ሦስት ቀን እህል አልወርድ አላቸው። ባለቤታቸው "ያቺ ልጅ ምን ብላህ ነው?" ሲሏቸው "ምሥጢር ነው" አሉ። ምሥጢሩን እሳቸውም እንደማያውቁት ግን አልተናገሩም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ትርንጎ ቤት ሄዱ። ግቢው በረጅም የብረት በር የተዘጋ ነው። አንኳኩ።

"ማነው?" አለች ከውስጥ።

"እኔ ነኝ፣ ይመኑ። ክፈቺልኝ ልጄ።"

"በምን ልክፈትልዎ ጋሼ? ቁልፉ እሱ ጋ አይደል? ነግሬዎት የለም እንዴ?"

የጋሽ ይመኑ እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። አሁንም ማምለጥ ይችሉ ነበር። "ረስቼው ነው" ቢሉ ዕድሜያቸው ይሸፍንላቸዋል። ትርንጎ ግን የተናገረችው ሁሉ ተሰምቶ የተፈረደባት እየመሰላት እዚያው ውስጥ ትቀራለች።

"ልጄ፣ ያን ቀን..." አሉ ቀስ ብለው።

"አይሰማኝም ጋሼ! ልጄ እያለቀሰች ነው። ጮክ ይበሉ!"

ከመንገዱ ማዶ ሱቅ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል። ጋሽ ይመኑ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

"ያን ቀን ተኝቼ ነበር!" አሉ ጮክ ብለው። "ስትነግሪኝ እንቅልፍ ወሰደኝ! ሌሊት ትንፋሼ እየቆመ ቀን ያደክመኛል። መሣሪያ ነበረኝ፤ ሰው ሳቀብኝ ብዬ ተውኩት። ሰምቼሻለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው!"

ከሱቁ በር አንድ ሰው ሳቀ።

"ተኝተው?" አለች ትርንጎ ከውስጥ።

"ተኝቼ።"

"እኔ እኮ... እርስዎ ሰምተው ግቢ ካሉኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው ብዬ ነበር።"

ጋሽ ይመኑ ግንባራቸውን በሩ ላይ አስደገፉ። "እባክሽ ድገሚልኝ" አሉ።

ደገመችላቸው። አዳሙ ሥራ ሲሄድ በላይዋ ላይ ይቆልፋል። ሁለት ዓመት ሆነው። ባለፈው ወር ልጇ ሲያተኩሳት፣ እሱ እስኪመጣ ድረስ ታቅፋት ቁጭ ብላ ዋለች። "ሰው ሲጠይቀኝ መውጣት አልወድም እላለሁ" አለች። "ምን ልበል ጋሼ? ተቆልፎብኛል ይባላል?"

ጋሽ ይመኑ ሰው ልከው ሁለቱን ሽማግሌዎች አስጠሩ። እሳቸው ደጃፉ ላይ ድንጋይ ስበው ተቀመጡ። ወገባቸው ደከመ፣ ዓይናቸው ተቃጠለ፣ አልተነሡም። አመሻሽ ላይ አዳሙ መጣ።

"ምነው ጋሼ፣ በሰላም ነው?"

"ቁልፉን።"

"የቤቴን ቁልፍ?"

"ግቡ ያልኳችሁ ሳልሰማ ነው፤ ፍርዱን አንሥቻለሁ። ዛሬ ሰምቻለሁ። በሩን ክፈት።"

አዳሙ ሽማግሌዎቹን አየ፤ መንገዱ ላይ የቆመውን ሰው አየ። ከፈተ። ትርንጎ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ የዚያኑ ዕለት ሽማግሌዎቹ እናቷ ቤት ድረስ ሸኟት።

ጋሽ ይመኑ ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አልተከበሩም። "እኛንስ ተኝተው ይሆን የፈረዱብን?" የሚል ሰው መጣ፤ እሳቸውም "ሊሆን ይችላል፤ ተቀመጥና ድገምልኝ" አሉት። ሌላም መጣ። የአሮጌውን ነገር ሁሉ እንደ አዲስ ሲሰሙ ክረምቱ አለፈ። ጭራሽ ያልተመለሱም አሉ። እሳቸውም አልተቀየሟቸውም። ማታ ማታ ጭንብላቸውን አድርገው ይተኛሉ፤ በማግሥቱ ነቅተው ይቀመጣሉ።

የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው። ድካማችንን ስንደብቅ የደበቅነው የራሳችንን ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። የደበቅነው ነገር ግን እኛን አምኖ በመጣ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ምን እንደወደቀበት እንኳ አያውቅም። በሰው መድኃኒት የምንስቅ ሰዎችም ያን ቀን በሩን አብረን እንደቆለፍን እንወቅ። ጋሽ ይመኑ አንድ ጊዜ እንዳይሳቅባቸው ሲሉ፣ ትርንጎ ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር ነበረባት።

እኛስ፣ ሰው እንዳይስቅብን ብለን የተውነው ነገር ምንድን ነው? በእኛ ፈንታ የሚሸከመውስ ማን ነው?