የቀዘቀዘው አመድ

አንድ ከተማ ውስጥ ዳኛው ብቻውን አይፈርድም ነበር። የነዋሪው ሁሉ ምልክት በየሸክላ ስባሪው፣ በየገሉ ላይ ተጭሮ በአንድ እንስራ ውስጥ ይቀመጣል። ክስ ሲመጣ ሰባት ገል ይወጣል፤ ባለቤቶቹም በሸንጎው ጠሪ ተጠርተው ከዳኛው ጋር ተቀምጠው ይፈርዳሉ። አይመቸኝም ያለ ሰው ምክንያቱን ለጠሪው ነግሮ ይቀራል። ጠሪውም "እሺ" ብሎ ወደ ሌላ ደጃፍ ይሄዳል እንጂ እውነት ይሁን ውሸት አያጣራም።

በዚያች ከተማ ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። አንድ ቀን ጠሪው መጥቶ "ገልሽ ወጥቷል። ነገ የውሃ ቀጂዋ የእናኑ ጉዳይ ይሰማል" አላት።

እናኑን የከሰሳት አንድ ባለጠጋ ነበር፤ "አዲሱን የጠላ ጋን በእንስራዋ መትታ ሰበረችብኝ" ብሎ። ማንጠግቦሽ ደግሞ ለሥራዋ የሚሆን አፈር የምትቆፍረው ከዚሁ ሰው መሬት ነው። ምን አጣላኝ ብላ አሰበች።

"ነገ እኮ ሸክላ እተኩሳለሁ። እሳት ትቼ እንዴት እመጣለሁ?" አለችው።

"እሺ" አለ ጠሪው።

በማግስቱ የመተኮሻው ጉድጓድ አመድ እንደሞላ ቀዝቅዞ ዋለ። እሷም ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ፀሐይ ስትሞቅ ዋለች።

ሸንጎው ላይ እናኑ "አልመታሁትም፤ ውሃ ስሞላበት በራሱ ተሰነጠቀ" ብላ ማለች። ከተቀመጡት ሰባት ሰዎች ሸክላ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። "ጋን ደግሞ በራሱ ይሰነጠቃል? ብርድ መትቶት ይሆናላ!" ብለው ተሳሳቁ። ሰብራ የምትክድ ሴት የሰው ቤት አትግባ ተብሎ ተፈረደባት። ውሃ የምታቀብለው ደጃፍ ያጣችው እናኑም እንስራዋን አዝላ ከተማውን ለቀቀች።

ወር ሳይሞላ የባለጠጋው አሽከር የጋኑን ስብርባሪ ወደ ማንጠግቦሽ አመጣው። ሸክላ ሠሪዎች አሮጌ ገል ፈጭተው ከአፈር ጋር ይቀላቅላሉና። የጋኑን ቂጥ አነሳችው። ስብራቱ ላይ ውስጡ ጥቁር ነው፤ በጣቷ ስትነካው ተፈረፈረ። እሳት ያልገባው ጋን ነበር። እንዲህ ያለው ውሃ የያዘ ቀን ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ለእሷ አንድ መዳሰስ ይበቃት ነበር። ሌላውን ሁሉ ፈጨችው፤ ያችን ቁራጭ ግን መፍጨት አቃታት።

ከዚያ በኋላ ዳኛው፣ ሸንጎ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ያው ሥራ ፈቶች መሆናቸውን አይቶ ሕዝቡን ሰበሰበ። "ከሸንጎ የሚያስቀር ምክንያት ምን ምን ይሁን? እናንተው ተናገሩና ደንብ እናውጣ" አለ።

"ድር የዘረጋ ይቅር" አለ ሸማኔው።

"ንቡ የተነሳበትስ?" አለ ንብ አርቢው።

"ሚስቱ የተቆጣችበትም ይጨመር!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንተማ ዕድሜ ልክህን ልትቀር ነው!" አሉት፤ ተሳቀ።

"እትዬ ማንጠግቦሽ፣ የእሳቱን ነገር አንቺ ንገሪልን እንጂ" አሏት ጎረቤቶቿ። በእርግጥም ያን ቀን ጉድጓዷ ይነድ ነበር፤ ጭሱ ከአደባባዩ ይታያል።

ማንጠግቦሽ ተነሳች። ያቺን ቁራጭ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣችና ከዳኛው እግር ሥር አስቀመጠቻት።

"እናኑ አልሰበረችም፤ ጋኑ እሳት ያልገባው ነበር" አለች። "ገሌ ወጥቶ ነበር። እሳት አለኝ ብዬ ቀረሁ። እሳት አልነበረኝም።"

ዳኛው ቁራጩን አገላብጦ አየና "ሄዶ የሚጠራት ማነው?" አለ።

"እኔ" አለች።

"እሳትሽስ?"

"ይንደድ።"

እናኑን ያገኘቻት የግማሽ ቀን መንገድ ሄዳ፣ ከአንድ ምንጭ ዳር ነው። የመጣችበትን ሁሉ ነገረቻት። እናኑ እንስራዋን ሳታወርድ አዳመጠቻት።

"ገልሽ መውጣቱን ሰምቼ ነበር" አለቻት። "ያን ዕለት እፎይ ብዬ ተኛሁ። ሸክላ የምታውቅ አንዲት ሰው ገባችልኝ ብዬ።"

ማንጠግቦሽ እግሯ ላይ ወድቃ "ይቅር በይኝ" አለቻት።

ፍርዱ ተሻረ። እናኑ ግን "ይቅር ብያለሁ" አለች እንጂ ወደዚያች ከተማ አልተመለሰችም። ማንጠግቦሽ ቤቷ ስትደርስ ጠባቂ ያጣው እሳት ሸክላዎቿን ሁሉ ሰነጣጥቆ ጠበቃት። አላዘነችም።

ከተማውም ደንብ አወጣ፦ እውነተኛ ችግር ያለበት ተራው ለሌላ ቀን ይተላለፍለታል እንጂ አይሰረዝለትም፤ እሳት አለኝ ያለ እንደሆነም ጠሪው አመዱን ይዳስስ።

እኛ የቀረንበት ወንበር ባዶ አያድርም፤ እኛ የምናውቀውን የማያውቅ ሰው ይቀመጥበታል። ፍርዱም የሚወድቀው በእኛ ላይ ሳይሆን፣ ይመጡልኛል ብሎ በጠበቀን ሰው ላይ ነው። ሥራ በዛብኝ፣ አልተመቸኝም ብለን የቀረንባቸውን ቀኖች እስቲ እናስታውስ። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ አመዳችንን ቢዳስሰው፣ ይሞቅ ይሆን?