ከፊት ለፊት ያለው ወንበር

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ጥናት ነው። ጥያቄሽን እየሸሸሁ አይደለም ትርሲት። «የምፈልገው ጽሑፍ ሁሉ በስልኬ ይመጣልኛል። ከወረርሽኙ ወዲህ ቤተ መጻሕፍት የሚሄድ ጓደኛም የለኝም። ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግልኛል ብለው ነው ሂጂ የሚሉኝ መምህር?» ብለሽኛል። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስሚ፤ ከዚያ ፍረጂ።

ሰውየው የሚያጠናው ምንጮች ለምን እንደሚጠፉ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የለመዳት ቦታ ነበረችው። ከፊት ለፊቱ አንድ ሽማግሌ ይቀመጣሉ፤ እኚህ ሽማግሌ የሰው መጽሐፍ አጮልቀው ማየት ይወዳሉ። አየት ያደርጉና የራሳቸውን መጽሐፍ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርገው፣ «ልጄ፣ ይቺንም እያት፤ የውሃ ነገር አላት» ይሉታል። አንዳንዴ ይጠቅመዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጠቅመውም። እሱም ሥራ አስፈቱኝ እያለ በሆዱ ያማቸው ነበር።

ወረርሽኙ መጣና ቤተ መጻሕፍቱ ተዘጋ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውየው ተገላገልኩ አለ። ከቤቱ ሳይወጣ ስለ ዝናብ ሲጠይቅ ስለ ዝናብ፣ ስለ አፈር ሲጠይቅ ስለ አፈር የተጻፈው ሁሉ በኮምፒውተሩ ይመጣለታል። እንዲህ ያለ ምቾት አይቶ አያውቅም። የአንዲት ምንጭ ነገር ብቻ አልፈታ አለው። ሰንበሌጥ ውሃ ትባላለች፤ የጠፋችው ዝናብ በበዛበት ዘመን ነው። የአካባቢውን ሰው በስልክ ቢጠይቅ፣ «እኛ ሳንወለድ ደርቃለች» ከማለት በቀር የሚያውቅ የለም። የእሷ ነገር ካልታወቀ ደግሞ የዓመታት ጥናቱ ጎደሎ ሆኖ ሊቀር ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ሲከፈት ሽማግሌው አልነበሩም። በበሽታው እንደሞቱ ነገሩት። ሌሎቹም አንባቢዎች ቤት መዋልን ለምደውት ኖሮ አዳራሹ ጭር ብሏል። ያን ጊዜ ናፈቁት። ገፋ የሚያደርጉለት መጽሐፍ፣ «ይቺንም እያት» የሚለው ድምፃቸው ናፈቀው። ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር፤ ምቾቱ እዚያ ነው። እሱ ግን የምንጮቹን ካርታና መጽሐፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። ባዶ ወንበር እያየ ወራት ሠራ።

አንድ ቀን ሙሾ የምታጠና ወጣት ሴት መጥታ በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ልክ እንደ ሽማግሌው አጮልቃ ካርታውን አየችና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ይህችን ምንጭ አውቃታለሁ» አለችው።

«ከየት?»

«ከሙሾ። ልጇ ውሃው ውስጥ የሰጠመባት እናት አልቅሳባታለች። የአገሩ ሰው ልጁን ቀብሮ ሲመለስ ምንጯን በድንጋይና በጭቃ ደፈናት።»

ለካ ሰንበሌጥ ውሃ አልደረቀችም፤ በሐዘን ተደፍና ነው። ሰውየው ሙሾ ውስጥ ምንጭ ልፈልግ ብሎ እንዴት ያስበው? ከልቡ ተደሰተ። ወዲያው ግን ይህን ለሽማግሌው መንገር እንደማይችል ትዝ አለውና ልጅቷ ፊት አለቀሰ።

እንግዲህ ትርሲት፣ ስልክሽን አልነቅፍም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የጠየቅሽውን ሁሉ ያመጣልሻል። መጠየቅ ያላወቅሽውን ግን ገፋ አድርጎ የሚሰጥሽ ፊት ለፊትሽ የተቀመጠ ሰው ነው። አንቺ ቤተ መጻሕፍት ምን ያደርግልኛል አልሽኝ። ይኸው አሁን፣ እኔና አንቺ ስናወራ፣ አልፈታ ያለውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠ ሰው አለ፤ መልሱ አንቺ ዘንድ ይሆናል። ከፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ወንበር ያንቺ ነው። ስምሽን አያውቀውም እንጂ የሚናፍቀውስ አንቺን ነው።