በማረፊያው መኪና በር ላይ

አንድ ሰው ነበረ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች አለቃ። ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰዎቹን የሚወድ ሰው ነው። «ደከመኝ» የምትለዋን ቃል ግን አፉ አያውቃትም።

መሥሪያ ቤቱ በቅርቡ አንድ አውቶቡስ ማረፊያ አድርጎ አሠርቶላቸው ነበር። ውስጡ አልጋ አለው፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለው፣ ማራገቢያና ኦክስጅን አለው። ሲስተር ብርነሽ የምትባል ነርስም አለች። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከእሳቱ የወጣ ሰው እዚያ ገብቶ ይቀመጣል፣ ይጠጣል፣ ሲስተር «ሂድ» ስትለው ብቻ ወደ ሥራው ይመለሳል።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የፍራሽ መጋዘን ተቃጠለ። ስፖንጅ ሲነድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭሱ ጥቁር ነው፣ ሙቀቱ አጥንት ይገባል። ሰዎቹ ሲታገሉ ቆይተው የመጀመሪያዎቹ ወጡ። ማረፊያው መኪና በር ላይ ደረሱ። ከዚያስ? ቆሙ።

«ግባ እንጂ።»

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«በሞቴ! አንተ ትብሳለህ።»

«በዚህ ጭቃ ጫማ? የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተነሳም እኮ!»

ምን ያስቃችኋል? ለቅሶ ቤት በር ላይ «ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ስትባባሉ ዝናብ የሚደበድባችሁ እናንተ አይደላችሁም? ጨዋ ሰዎች ናችሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ጨዋነታችሁ ከነኮታችሁ ያበሰብሳችኋል።

ሲስተር ብርነሽ አንገቷን ብቅ አድርጋ «ሰርግ ቤት መሰላችሁ እንዴ? ግቡ!» አለች።

ሁሉም ዞረው አለቃውን አዩት። አለቃው ቆሟል።

ከመካከላቸው ምትኩ የሚባል ነበረ። ሚስቱ አራስ ናት። «ልጄ ሌሊት ሌሊት ፈረቃ ታስገባኛለች» እያለ ጠዋት ሲያስቃቸው ነበር። አሁን ግን ዓይኑ ቀልቷል፤ እግሩም አይታዘዘውም።

«ምትኩ፣ ግባ አንተ» አለው አለቃው።

«እርስዎ ቆመው? አይደረግም፣ አለቃ።»

አለቃው ደስ አለው። አትፍረዱበት፤ መከበር የማይጥመው ማን ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፤ እሱም ዝሎ ነበር። ከበሩ የሚወጣው ቅዝቃዜ ፊቱን ሲነካው እዚያው ዘፍ ማለት አማረው። ግን ልጆቹ ምን ይላሉ? አረጀ ቢሉስ?

ሲስተር ወርዳ ክንዱን ያዘችው። «አለቃ፣ እርስዎ አንዴ ቁጭ ቢሉ እነዚህ ሁሉ ይከተሉዎታል። ምትኩን ይዩት እስቲ። ላቡ ደርቋል፤ ይህ ደግ አይደለም።»

«አይ ሲስተር! እኔን በቀን በብርሃን ልታስተኚኝ? ገና ጎረምሳ ነኝ!»

ሰዎቹ ሳቁ። ምትኩም ሳቀ። አለቃው ጠርሙስ ውሃ ጨለጠና ወደ ጭሱ ተመለሰ። ማን ሊቀር? ሁሉም ተከተሉት። መኪናው ባዶውን ቀረ።

ብዙም አልቆዩ። ምትኩ ውሃ የሚረጭበትን ቱቦ እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ አለቃው ዞረ። «ያዙልኝማ» አለው በቀስታ፣ «እንዳትነቃ።»

አለቃው ቀልድ መሰለው። ሊስቅ ሲል ምትኩ በጉልበቱ ወደቀ።

ወደ ማረፊያው መኪና መጀመሪያ የገባው ሰው እንዲህ ነው የገባው፤ በሰው ሸክም። እግሩን የያዘው አለቃው ነበር። አለቃው ሲገባ ሌሎቹም ከነጭቃቸው ተግተልትለው ገቡ። ያን ጊዜ «ቅደም» ያለ የለም። ሲስተር «አየር ስጡት፣ ውጡልኝ!» ብላ ጮኸች። ግቡ ሲባሉ ያልገቡ ሰዎች፣ ውጡ ሲባሉ አልወጣ አሉ። በረዶ አደረገችለት፣ ኦክስጅን ሰጠችው። ምትኩ አልተመለሰም።

መርዶውን ለማርዳት አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር ሄደ። አራሷ ሕፃኗን እንደታቀፈች «እሳቱ ነው የበላው?» አለችው። ምትኩን እሳት አልነካውም። አለቃው ምን ይበላት? «እኔ አልቀመጥም ስላልኩ ነው» ይበላት?

ወገኖቼ፣ ይህ አለቃ ክፉ ሰው ነው? አይደለም። ዕረፍቱን ለሌላው የተወ ነበር የመሰለው። ግን ትቶት ነው ወይስ በሩ ላይ ቆሞ ዘግቶት?

እናንተ እናቶች፣ ወገባችሁ ተቆርጦ «ምንም አልሆንኩ» የምትሉ፣ ሴት ልጃችሁ ሕመሟን መደበቅ ከማን ተማረች? እናንተ አባቶች፣ ከሥራ መጥታችሁ ሌላ ሥራ የምትፈልጉ፣ ልጃችሁ ፊታችሁ ለመቀመጥ ለምን ይፈራል? እናንተ ደግሞ እዚያ ፊት ወንበር ላይ ያላችሁ አገልጋዮች፣ ዓይናችሁን ወደ ጣሪያው አታድርጉት፤ ለእናንተም ነው። ከኋላችሁ የሚያገለግለው ሰው ዝሎ እያያችሁት፣ እናንተ «ጌታ ያበረታል» ትላላችሁ። ያበረታል፣ አዎን። ደግሞም ያሳርፋል። እግዚአብሔር የደከመውን ሲጠራ አለቆችን ለይቶ አስቀርቷል እንዴ?

ትሕትና እያላችሁ የምትጠሯት ነገር ትዕቢት እንዳትሆን ፈትሿት።

ዛሬ ቤታችሁ ግቡና፣ ሰው ሁሉ እያያችሁ፣ «ደክሞኛል» ብላችሁ ቁጭ በሉ። ያሳፍራል፤ ይሁን፣ እፈሩ። ከዚያ ቀና ብላችሁ ከጎናችሁ ማን ቶሎ እንደሚቀመጥ ተመልከቱ። ያን ሁሉ ጊዜ እናንተን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው።